በሩ ላይ የቆመው አፖንቴ

እሺ። ቀይዋ በርታለች። ዛሬም ዘግይቼ ነው የምቀዳው። "አንተ ደግሞ መቼ በሰዓቱ መጥተህ ታውቃለህ?" የምትሉኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ስደቡኝ፣ ለምጄዋለሁ።

ሰሞኑን በሮድ አይላንዷ ፓውተኬት በኩል ሳልፍ የቤዝቦሉ ማኮይ ስታዲየም የለም። እንደሚፈርስ ሰምቼ ነበር፤ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሊሠራበት ነው። ግን መስማት ሌላ፣ ማየት ሌላ። መኪናዬን ጥግ አስያዝኳት። አዎ፣ ያችኑ ቆርቆሮ፤ አልሸጥኳትም። ልጄ ከኋላ ሆና "አባዬ፣ ኳስ የምናጠምድበት አይደል?" አለችኝ።

ማኮይ ላይ የተጫዋቾቹ መቀመጫ ከተመልካቹ እግር ሥር ነበር። ፊታቸው አይታይም ነበር። ስለዚህ ልጆቹ የወተት ጋሎን ጎኑን ይቀዱና ኳስና እስክሪብቶ ከተው በሲባጎ ያወርዱት ነበር። ተጫዋቹ ይፈርማል። ትስባለህ። በቃ፣ ዓሣ ማጥመድ ነው።

ፓውሶክስ ማለት እዚያ ሜዳ ላይ ይጫወት የነበረው የቦስተን ሬድ ሶክስ ታናሽ ቡድን ነው። ከዚያ በላይ የነበረው ትልቁ ሊግ ብቻ ነው። ክለቡ ከስሮ ሳለ በፈረንጆቹ 1977 ላይ ቤን ሞንዶር የሚባል በጨርቃ ጨርቅ የከበረ ሰውዬ ገዛው። ቲኬቱን ርካሽ አደረገው፤ ሠራተኛው ቤተሰቡን ይዞ ይመጣ ጀመር። ሰውዬው 2010 ላይ ሞተ። ከዚያ ክለቡ ተሸጠ፣ 2021 ላይ ወደ ሌላ ከተማ፣ ወደ ዉስተር ሄደ። 2020 የስንብት ዓመት ሊሆን ነበር፤ ኮሮና መጣ፣ አንድም ጨዋታ ሳይደረግ ቀረ። ሳይሰናበቱ ነው የተለያዩት። እሺ፣ ወደዚህ አልገባም።

ልነግራችሁ የፈለግኩት ስለዚያች ሌሊት ነው። ኤፕሪል 18፣ 1981። የፈረንጆቹ ፋሲካ ዋዜማ፤ የኛው በሳምንቱ ነበር። ፓውሶክሶች ሮቸስተር ከሚባል ቡድን ጋር እኩል ለእኩል ሆኑ። ቤዝቦል አቻ አያውቅም፤ ዘጠኙ ዙር ካለቀ ይቀጥላል። በሊጉ ደንብ ከተወሰነ ሰዓት በኋላ አዲስ ዙር አይጀመርም። ዳኞቹ እጅ በነበረው ግልባጭ ላይ ግን ያቺ አንቀጽ የለችም! ተጫዋቾቹ ከብርዱ የተነሳ የተሰበረ ዱላ በርሜል ውስጥ እያነደዱ ይሞቃሉ። 21ኛው ዙር ላይ ሮቸስተር ቀደመ፤ የፓውሶክሱ ዌድ ቦግስ መታና አቻ አደረገው። ሰው ሊተኛ ሲል! በመጨረሻ የሊጉ ፕሬዚዳንት በስልክ ተገኝተው "አቁሙ" አሉ። 32 ዙር፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከ7 ደቂቃ። የቀረው ተመልካች 19 ሰው።

እኔ ግን የምመላለስበት ሌላ ነው። ሉዊስ አፖንቴ። የፓውሶክስ ቬንዙዌላዊ ኳስ ወርዋሪ። ድርሻውን ጨርሶ ነበርና ጨዋታው ሳያልቅ "ቤትህ ሂድ" ተባለ። ሌሊት በሩን ያንኳኳል። ሚስቱ "የት ነበርክ?" ስትለው "ኳስ ስጫወት።" እስቲ አስቡት። በዚያ ሰዓት፣ "ኳስ ስጫወት።" አላመነችውም። ጋዜጣ ላይ ታዪዋለሽ አላት። የእሑዱ ጋዜጣ ደግሞ ጨዋታው ሳያልቅ ማተሚያ ቤት ገብቷል። ውጤቱ የለም።

ይሄን ሁሌ እየሳቅኩ ነበር የማወራው። እዚህም አውርቼዋለሁ መሰለኝ።

የዚያን ቀን ግን መኪናው ውስጥ ታናሼ ትዝ አለኝ። አንድ ላይ ስንኖር። ከሌሊቱ 9 ሰዓት አካባቢ አንኳኳ፤ ቁልፉን ረስቷል። በሩን ከፈትኩ፣ ሰንሰለቱን ግን አላነሳሁም። በቀዳዳው ግማሽ ፊቱ ይታየኛል። ጓንቱን በጥርሱ ይዞታል። "መጋዘኑ ሥራ በዝቶ አስቀሩን" አለ። እኔ ምን አልኩ? "እኔን ደግሞ ሞኝ አድርገኸኛል።" እንዲህ ነው ያልኩት። በእማዬ ድምፅ። ሰንሰለቱን ለማንሳት ምን ያህል እንደቆየሁ እንጃ። አንድ ደቂቃ? እሱ ዝም ብሎ ቆመ። ጓንቱን ከጥርሱ አላወጣም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የደመወዝ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ አየሁት። ትርፍ ሰዓቱ ተጽፏል። አጥፌ መለስኩት። እስከ ዛሬ ይቅርታ አላልኩትም። ምናልባት ሆን ብሎ ነው ያስቀመጠው... አይ፣ እሱ እንደዚያ አይደለም። ወይም ነው።

ጨዋታው ያለቀው ጁን 23 ነው፤ ከሁለት ወር በኋላ፣ በ18 ደቂቃ! የማሸነፊያዋን ኳስ የመታው የፓውሶክሱ ዴቭ ኮዛ ነው፤ 3 ለ 2። ከዚያ ሜዳ ቦግስና የሮቸስተሩ ካል ሪፕከን የቤዝቦል ዝነኞች አዳራሽ ገቡ። ኮዛ ትልቁ ሊግ ላይ አንድ ቀን አልተጫወተም። ይሄ ለምን እንደሚያናድደኝ... ተዉት።

ትናንት የፈረሰውን ስታዲየም ፎቶ ለታናሼ ላኩለት። አውራ ጣት መለሰልኝ። አውራ ጣት ብቻ። ልደውል ብዬ ሰዓቱን አየሁ፣ መሽቷል።

ልጄ ጋሎኑን ጋራዥ ውስጥ አገኘችው። ሲባጎው አሁንም ታስሮበታል። ውስጡ እስክሪብቶ አለ፣ ደርቋል። ምን ላድርግበት...