ቅርጫት ኳስ ይሻልሃል የተባለው ተከላካይ፦ ዝዴኖ ቻራ

(ምስል፦ በረዶው ላይ ከሁሉም በላይ ራሱ ጎልቶ የሚታይ ተጫዋች)

ይሄን ሰውዬ እዩት። ጫማውን አውልቆ 2 ሜትር ከ6 ሳንቲ ነው። መንሸራተቻውን ሲያጠልቅማ ተዉት! ዝዴኖ ቻራ ይባላል። በሰሜን አሜሪካው የአይስ ሆኪ ሊግ፣ በኤንኤችኤል፣ ከሱ በፊት ይህን ያህል ረጅም ሰው ተጫውቶ አያውቅም።

ቁመቱ ጠቀመው ትሉኝ ይሆናል። መጀመሪያ ላይ ግን መከራው ነበር።

የተወለደው በፈረንጆቹ 1977 ነው፣ የዛሬዋ ስሎቫኪያ ውስጥ፣ ትሬንቺን ከተማ። አባቱ በ1976ቱ የሞንትሪያል ኦሎምፒክ የተወዳደሩ የግሪኮ ሮማን ታጋይ ናቸው፤ ልጁ ሥራ የማይፈራው ከሳቸው ወርሶ ነው። ግን ቁመቱ አላቆም አለ። ቅርጫት ኳስ ይሻልሃል ያሉት አሰልጣኞችም ነበሩ።

እውነት ለመናገር ዝም ብለው አልነበረም። የሆኪ ተከላካይ አጥቂው በሙሉ ፍጥነት ሲመጣበት ወደ ኋላ እየተንሸራተተ ነው የሚጠብቀው። አጥቂው ሲታጠፍ አብሮ መታጠፍ አለበት። ረጅም ሰው ደግሞ ለመዞር ጊዜ ይፈጅበታል፣ እስኪዞር ሰውዬው አልፎት ሄዷል።

ቻራ እግሩን ለዓመታት ሠራበት። እግሩ ሲፈጥን ያ ሁሉ ቁመት ወደ መሣሪያነት ተለወጠ። ረጅም ክንድ አለው፣ ሊጉ ደግሞ ለረጃጅሞች ከሌላው የረዘመ ዱላ ይፈቅዳል። አጥቂው አለፍኩት ሲል ዱላው ከየት መጣ ሳይባል ፓኩን (በሆኪ እንደ ኳስ የሚመታውን ጠፍጣፋ ክብ ጎማ) ነጥቆት ይሄዳል።

በ1996 የኒውዮርክ አይላንደርስ ቡድን በድራፍት (ቡድኖች በተራ አዳዲስ ልጆችን በሚመርጡበት ሥነ ሥርዓት) 56ኛ አድርጎ መረጠው። በ2001 ደግሞ የኦታዋን አጥቂ አሌክሴይ ያሺንን ለማግኘት ብሎ ቻራን፣ ሌላ ተጫዋችና በዚያ ዓመት ድራፍት 2ኛ ሆኖ የመምረጥ ዕድሉን ጨምሮ ለኦታዋ ቡድን ሰጠ። በዚያ ዕድል ኦታዋ በኋላ ኮከብ የሆነውን ጄሰን ስፔዛን ወሰደ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ከሊጉ መጥፎ ንግዶች አንዱ ነው። ኦታዋም ቢሆን በ2006 ለቀቀው፣ ቦስተን ብሩይንስ በ5 ዓመት 37.5 ሚሊዮን ዶላር አስፈርሞ ወዲያው አምበል አደረገው።

14 የውድድር ዘመን አምበል ሆነ። በ2009 የዓመቱ ምርጥ ተከላካይ ተብሎ የኖሪስ ዋንጫን ወሰደ። በ2011 በፍጻሜው ሰባተኛ ጨዋታ ቫንኩቨርን አሸንፈው የሊጉን ዋንጫ፣ ስታንሊ ካፕን፣ አነሳ፤ ቦስተን ለ39 ዓመት ናፍቆት የነበረ ዋንጫ ነው። በ2012 ማን በኃይል ይመታል በሚባለው ውድድር ፓኩን በሰዓት 175 ኪሎ ሜትር ለቀቀው። መልበሻ ክፍል ውስጥ ደግሞ አዲስ ልጆችን «ጀማሪ» ብሎ መጥራት አይወድም ነበር። የ18 ዓመቱም የ40 ዓመቱም እኩል ነው ባይ ነው።

ጥቁር ነጥብም አለው። በዚያው በ2011 የሞንትሪያሉን አጥቂ ማክስ ፓቾሬቲን ሲገፋው ልጁ በሁለቱ ቡድኖች የተጫዋች መቀመጫዎች መሃል ካለ ምሰሶ ጋር ተጋጨ፣ የአንገት አጥንቱም ተሰነጠቀ። ሊጉ ቻራን አላገደውም፣ የሞንትሪያል ፖሊስ ግን ጉዳዩን መርምሮ ነበር። በመጨረሻ ክስ አልተመሠረተም።

(ምስል፦ የቦስተን ሜዳ፣ ተመልካቹ ቆሞ ሲያጨበጭብ)

በ2019 የስታንሊ ካፕ ፍጻሜ አራተኛ ጨዋታ ላይ ፓኩ ከገዛ ዱላው ነጥሮ መንጋጋውን ሰበረው። ከሦስት ቀን በኋላ ፊቱን ሸፍኖ ተመልሶ ገባ! 42 ዓመቱ ነበር። ዋንጫው ግን ለሴንት ሉዊስ ሆነ።

ጫማውን የሰቀለው በ2022 ነው፣ 1,680 ጨዋታ ተጫውቶ፣ ከማንም ተከላካይ በላይ። በ2025 የሆኪ የክብር አዳራሽ ገባ።

እኔን የገረመኝ ግን በ2023 ያደረገው ነው። የቦስተን ማራቶንን ሮጠ፣ ያንን የኛው ሌሊሳ ዴሲሳ ሁለቴ ያሸነፈበትን። 3 ሰዓት ከ38 ደቂቃ ፈጀበት። ለኛ ሰው ይሄ ሰዓት ያስቃል፣ አውቃለሁ። ብቻ ሆኪ ሲጫወት ከ110 ኪሎ በላይ የነበረ ሰው መሆኑን አስቡልኝ።