ያቺ የመጀመሪያ ሌሊት

እንደምን አመሻችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነው የማወራችሁ።

የዛሬ ሦስት ዓመት ታናሽ ወንድሜ ኳስ ማሳያ ቤት ውስጥ በጠርሙስ ተፈነከተ። እዚህ ጅማ፣ በአዌቱ ወንዝ ወዲህና ወዲያ ማዶ ልጆች መካከል የቆየ ቂም ነበር። ሐኪም ቤት ኮሪደር ላይ ቁጭ ብዬ፣ ጓደኞቹ ጥግ ይዘው ሲንሾካሾኩ አያለሁ። ምን እንዳሰቡ ገብቶኛል። ዝም አልኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔም ያ ልጅ እንዲመታልኝ ፈልጌ ነበር። እስከ ዛሬ የሚያሳፍረኝ እሱ ነው።

እኩለ ሌሊት ሲቃረብ አንድ የሰፈራችን ባጃጅ ነጂ በፔርሙዝ ሻይ ይዞ መጣ። አልመከረም፣ አልተቆጣም። «ለዛሬ ማታ ብቻ እሺ በሉኝ፤ የነገውን ነገ» አላቸው። ሻይ እየቀዳ፣ የባጥ የቆጡን እያወራ፣ የሱብሂ አዛን እስኪሰማ አብሯቸው አደረ። ሲነጋ ሽማግሌዎች ገቡ፣ ነገሩ በእርቅ አለቀ።

ጃርሱማ፣ ይህ የኦሮሞ የሽማግሌ እርቅ፣ ባይኖር ጅማ ውስጥ ስንቱ ቤት ደም እንደተቃባ ይቀር ነበር! ግን ሽማግሌ የሚመጣው በማግስቱ ነው። ብድር መላሹ የሚወጣው ያኑ ማታ።

ቺካጎ ውስጥ ጋሪ ስሉትኪን የሚባሉ ሐኪም አሉ፤ ሶማሊያ በስደተኞች ካምፕ ቲቢና ኮሌራን ሲታገሉ የቆዩ። ሀገራቸው ሲመለሱ ግድያው እንደ ወረርሽኝ ከሰው ወደ ሰው ሲዛመት አዩ። በ2000 በፈረንጆቹ ዌስት ጋርፊልድ ፓርክ በሚባለው ሰፈር ሥራ ጀመሩ። ያሰማሩት የሰፈሩን ሰው ነው፣ እስር ቤት ገብቶ የወጣ ሳይቀር። ሥራቸው የቆሰለው ልጅ ወገኖች ለበቀል ሳይወጡ መድረስ ነው። ይህን ሳነብ ያ ፔርሙዝ ነው ትዝ ያለኝ።

የእኛም ልጆች ከዚያ ወዲህ ተሰባስበዋል፤ ስምም ማኅተምም የላቸውም። በ2010 የኳስ ክለባችን ጅማ አባ ጅፋር ፕሪምየር ሊጉን በተቀላቀለበት ዓመት ዋንጫውን ሲበላ፣ ከሁለቱም ማዶ ወጥተው አብረው የጨፈሩ ልጆች ናቸው። ጸብ የሰማ ይደውላል። ሁለቱ ወደ ተመታው፣ ሁለቱ ወደ መቺው። ወደ መቺው የሚሄዱት የግድ የራሱ ሰፈር ልጆች ናቸው፤ ለሌላ ሰው በር አይከፈትም። «ማን ጀመረ?» ብሎ መጠየቅ ክልክል፣ ጠጥቶ መሄድም ክልክል። ከእቁባቸው ላይ ለመድኃኒት ትንሽ ትንሽ ያስቀምጣሉ።

ግማሹ ሰው ዱርዬ ይላቸዋል፣ ግማሹ ጠቋሚ። እንዲህ ሲባሉ ስሰማ አንጀቴ ያርራል። እንቅልፋቸውን ትተው የማን ልጅ እንዳይሞት ነው የሚዞሩት?

ባለፈው ሐሙስ ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ላይ የወንድሜ ስልክ ጮኸ። ጃኬቱን ደረበ። ግንባሩ ላይ ጠባሳው አለ። የተመታው ልጅ፣ ያኔ እሱን የፈነከተው ልጅ ወንድም ነው።

«ፔርሙዙ የት ነው?» አለኝ። ሻይ ጣድኩ።