የሞልተን ጸሎት ቤትና እዚያው የቀሩት

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ሪፖርቱ ረጅም ስለሆነ እኔ አላስረዝምም። ባለፈው በጋ በሚኒባስ ሄደን ስላየናት ሞልተን ግን ትንሽ ላውራችሁ፤ የቀራችሁ ትንሽ ይቆጫችሁ።

ሞልተን እንግሊዝ ውስጥ ከኖርዝሃምፕተን ከተማ ወጣ ብላ ያለች መንደር ናት። የባፕቲስት ጸሎት ቤቷ የሚታወቀው ኋላ ህንድ ሄዶ ሚስዮናዊ በሆነው በሰባኪው በዊሊያም ኬሪ ነው። በፈረንጆቹ 1785 ወደዚያ ሲሄድ ገና 23 ዓመቱ ነበር። ጸሎት ቤቱ አርጅቷል፣ ምእመናኑ ድሆች ናቸው፣ የሚሰጡት ደግሞ ቤተሰብ አያኖርም። ስለዚህ ልጆች ያስተምራል፣ ጫማ ይሰፋል፣ እሁድ ይሰብካል። የሥራ ቦታው ግድግዳ ላይ ወረቀት ከወረቀት አጣብቆ የሠራው ትልቅ የዓለም ካርታ ተሰቅሎ ነበር፤ በየአገሩ ላይ ስለ ሕዝቡና ስለ ሃይማኖቱ ያነበበውን ሁሉ ይጽፍበታል። እስቲ አስቡት፣ ወስፌ ይዞ አጎንብሶ፣ ቀና ሲል ህንድን የሚያይ ሰው!

ሚስቱ ዶሮቲ በ1787 እዚያው ተጠመቀች። በ1781 ሲጋቡ መጻፍ ስለማትችል መዝገቡ ላይ የመስቀል ምልክት ነው ያደረገችው። ሰው የእሷን ነገር ቶሎ ያልፈዋል፤ እኔ አላልፈውም። ህንድ ሄዳ ልጇ ሞተባት፣ አእምሮዋ ታወከ፣ በ1807 እዚያው አረፈች።

ሌላውን ታውቁታላችሁ። ኬሪ በ1789 ወደ ሌስተር ሄደ። በጥቅምት 1792 ኬተሪንግ ከተማ ላይ እሱን ወደ ህንድ የላከው የባፕቲስት ሚስዮን ማኅበር ሲመሠረት ቃል የተገባው ገንዘብ 13 ፓውንድ ከ2 ሽልንግ ከ6 ፔንስ ብቻ ነበር። በ1793 ወደ ህንድ ተሳፈረ፤ በ1834 እስኪሞት አልተመለሰም።

እኔን የከነከነኝ ሌላ ነው። እዚያው ሞልተን የቀሩትስ? ከድህነታቸው አዋጥተው ያንን ጸሎት ቤት ያሰፉት፣ ኋላም ሰባኪያቸውን መርቀው የሸኙት? ደጁ ላይ ቆመን ስንጫወት ከመካከላችን የአንዳቸውንም ስም የጠራ አልነበረም። ጉብኝቱ ሁሉ ኬሪ፣ ኬሪ ሆነ።

የእኛስ ጉባኤ ጅማሬ? ገና ሳሎን ውስጥ ስንሰበሰብ መጀመሪያ ወንበር ያዋሰን ማን ነበር? ከኮሚቴው ሦስት ሰው ጠየቅሁ፣ ሦስት የተለያየ ስም ነገሩኝ። ሦስቱም ይምላሉ!

ጸሐፊያችን ደብተሯን ይዛ በሩ አጠገብ ተቀምጣለች። ቡናው እስኪፈላ የምታስታውሱትን አጽፏት። ካልተስማማችሁም ክርክራችሁን ጭምር።