ጫማ ቆጣሪው አባታችን

የተከበራችሁ አባቶቻችን የኮሪያ ዘማቾች፣ ውድ ዕድርተኞች፣ ወዳጅ ዘመዶች፤

አባታችን ካረፉ ዛሬ አርባ ቀናቸው ነው። በቀብራቸው ዕለት የሕይወት ታሪካቸው ስለተነበበ የተወለዱበትን፣ የተቀጠሩበትንና ጡረታ የወጡበትን ዘመን መድገም አያስፈልገኝም። እኔ የበኩር ልጃቸው የምናገረው በዚያ ወረቀት ላይ ስላልሰፈረ አንድ ልማዳቸው ነው።

አባታችን ማታ ማታ የግቢውን በር ከመቀርቀራቸው በፊት በረንዳው ላይ ጎንበስ ብለው ጫማ ይቆጥሩ ነበር። ሰባት ልጆች ነን፤ ሰባት ጥንድ ካልሞላ በሩ አይቀረቀርም። በሰዓት እላፊው ዘመን፣ ወንድሜ መሽቶበት ጓደኛው ቤት ባደረበት ሌሊት፣ ካፖርታቸውን ደርበው እስኪነጋ በሩ ሥር ቆመው አደሩ። ጠዋት ሲመጣ የጠበቅነው ቁጣ ነበር፤ እሳቸው ግን ትከሻውን፣ ክንዱን፣ ጎኑን በእጃቸው ዳሰሱትና «ግባ፣ ቁርስህን ብላ» አሉት። ከዚያ ወደ ጓዳ ገብተው ብዙ ቆዩ።

ልጅ ሳለሁ ይህን ሁሉ የወታደር ጥብቅነት ነው ብዬ አልፈው ነበር። ምክንያቱ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

አባታችን በ1945 ዓ.ም. ከሦስተኛው ቃኘው ሻለቃ ጋር ሲዘምቱ ገና ሃያ ዓመት አልሞላቸውም ነበር። ከራስ መኮንን የፈረስ ስም፣ ከአባ ቃኘው፣ ስያሜውን ያገኘው ይህ ጦር በ1943 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሻለቃ ፑሳን ከደረሰበት ጊዜ አንሥቶ ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ተሰልፎ ተዋግቷል። ከ120 በላይ ልጆቻችን ወድቀዋል፤ ከ500 በላይ ቆስለዋል፤ የተማረከ ግን አንድም የለም። አባታችን ስለ ጀብዱ ሲጠየቁ ወሬ ይለውጡ ነበር፤ ይህ ሲነሣ ግን ቀና ይሉና ለሌሊት ቅኝት ሲወጡ እንደሚቆጠሩ፣ ሲመለሱም እንደሚቆጠሩ፣ ቁጥሩ ከጎደለ ጎህ ሳይቀድ የጎደለውን ለመፈለግ ተመልሰው እንደሚሄዱ ይነግሩን ነበር። ለካ በረንዳችን ላይ ይቆጥሩ የነበረው እንደዚያ ነው።

ከ1966 ዓ.ም. በኋላ ኮሪያ መዝመት ከክብርነቱ ይልቅ የሚያስጠረጥር ነገር ሆነ። እናታችን ሜዳሊያዎቹን በትራስ ጥጥ መካከል ሰፍተው 17 ዓመት ተኙባቸው። አባታችን በሚሠሩበት መሥሪያ ቤት የሚገባቸውን ዕድገት ሲነፈጉ እቤት ገብተው አንድም ቀን አላማረሩም፤ እኔን ግን ዛሬም ይቆጨኛል፤ ለወላጅ አልባ የኮሪያ ሕፃናት ከደመወዙ ቆርሶ የሰጠ ሰው በገዛ አገሩ አንገቱን ደፍቶ እንዲሄድ መደረጉ ትክክል አልነበረም። ትራሱ የተተረተረ ዕለት እናታችን ሜዳሊያዎቹን አንድ በአንድ በነጠላቸው ጫፍ ወልውለው ደረታቸው ላይ ሲሰኩላቸው አባታችን ሲያለቅሱ ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁ።

እናንተ የቀራችሁት ጓዶቻቸው በምርኩዝ እየተደገፋችሁ እስከ መቃብር ሸኝታችኋቸዋልና በቤተሰቡ ስም ከልብ አመሰግናለሁ።

በመጨረሻው ሳምንታቸው ሌሊት እየነቁ «ሁሉም ገብተዋል?» ይሉ ነበር። ሁለቱ እኅቶቼ ገና ከዋሽንግተን መንገድ ላይ ስለነበሩ ዋሽተው የማያውቁት እናታችን «ሊገቡ ነው» እያሉ ሦስት ሌሊት መለሱላቸው። በአራተኛው ማታ እኅቶቼ ደረሱና ማንም ሳይነግራቸው ጫማቸውን በረንዳው ላይ አውልቀው ገቡ። እናታችን ጆሯቸው ሥር ጎንበስ ብለው «ሰባቱም ገብተዋል» አሏቸው።

የግቢውን በር ያን ማታ እኔ ቀረቀርኩት።