የኪደርሚንስተሩ ሰባኪ ሪቻርድ ባክስተር

[ምስል፦ የቆየች የእንግሊዝ ከተማ፤ የሽመና ድምፅ]

በእንግሊዝ አገር በዎስተርሺር ግዛት የምትገኘው ኪደርሚንስተር በ17ኛው ክፍለ ዘመን የሸማኔዎች ከተማ ነበረች። ሸማኔው ከሥራው ሳይነሣ ፊቱ መጽሐፍ ዘርግቶ ያነብ እንደነበር የጻፈልን የከተማዋ ሰባኪ ሪቻርድ ባክስተር ነው። በዚህ ቪዲዮ የምንጠቅሳቸው ዓመታትና ቀናት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ባክስተር በ1615 በሽሮፕሺር ተወለደ። ዩኒቨርሲቲ ሳይገባ በራሱ ንባብ ተምሮ በ1638 በጳጳስ እጅ ክህነት ተቀበለ። ኪደርሚንስተር በደረሰ በዓመቱ፣ በ1642፣ በንጉሥ ቀዳማዊ ቻርልስና በፓርላማው መካከል የእርስ በርስ ጦርነት ተነሣ። ባክስተር በፓርላማው ጦር ውስጥ በቄስነት ቢያገለግልም፣ ንጉሡ መገደሉን አወገዘ፤ የፓርላማውን ወገን መሪ ኦሊቨር ክሮምዌልንም ስለ ንጉሣዊው ሥርዓት መፍረስ ፊት ለፊት ሞገተው።

[ምስል፦ ጠረጴዛ ዙሪያ የተቀመጠ ቤተሰብ]

ጦርነቱ በረድ ሲል በ1647 ወደ ሸማኔዎቹ ተመለሰ፤ በእኔ እምነት የሕይወቱ ታላቅ ሥራ እዚህ ላይ ነው። በአጥቢያው ከ800 በላይ ቤተሰቦች ነበሩ። ባክስተርና ረዳቱ በየሳምንቱ ሰኞና ማክሰኞ፣ ከጠዋት እስከ ምሽት፣ 15 ወይም 16 ቤተሰቦችን እየተቀበሉና እያነጋገሩ በዓመት ውስጥ ሁሉንም ለማዳረስ ይደክሙ ነበር። ዐሥር ዓመት ስብከት ሰምቶ ምንም ያልያዘ ሰው በግማሽ ሰዓት የቅርብ ጭውውት የበለጠ ሲገባው ማየቱን ራሱ መስክሯል። የሚመጣው ሕዝብ ስለበዛ በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ 5 ሰገነቶች መጨመር ግድ ሆነ። ይህን ሁሉ የሠራው ከወጣትነቱ ጀምሮ በሽታ የማይለየው ሰው መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

በ1660 ዳግማዊ ቻርልስ ወደ ዙፋን ሲመለስ ባክስተር ደገፈው፤ የሄርፎርድ ጵጵስናም ቀረበለት። አልተቀበለም። የለመነው ወደ ኪደርሚንስተር እንዲመለስ ብቻ ነበር፤ ያም ተከለከለ።

በ1662 የወጣው ሕግ፣ እያንዳንዱ አገልጋይ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የጸሎት መጽሐፍ የያዘውን ሁሉ ያለ አንዳች ልዩነት እንደሚቀበል በአደባባይ እንዲያውጅ፣ በጳጳስ እጅ ያልተሾመውም እንደገና እንዲሾም አዘዘ። ባክስተር በጳጳስ የተሾመ ስለሆነ ሁለተኛው ግዴታ እሱን አይነካውም ነበር፤ በመጽሐፉ መጸለይንም ኀጢአት ነው አላለም። ያልቻለው፣ ሰው የጻፈውን መጽሐፍ አንድም ነቀፌታ የሌለበት ነው ብሎ በእግዚአብሔር ፊት መመስከርን ነው። የቀነ ገደቡ ዕለት ነሐሴ 24 ነበር፤ እሱ ግን ሌሎች አገልጋዮች አቋሙን አስቀድመው እንዲያውቁ ግንቦት 25 ቀን የመጨረሻውን የአደባባይ ስብከቱን ሰጥቶ ወረደ። ከ1660 እስከ 1662 ባሉት ዓመታት ወደ 2,000 የሚጠጉ አገልጋዮች ከነቤተሰባቸው ከኑሯቸው ተፈናቀሉ።

በዚያው በ1662 ማርጋሬት ቻርልተንን አገባ። በለንደን አቅራቢያ በነበረችው በአክተን ሲኖሩ ወደ አጥቢያው ቤተ ክርስቲያን መሄዱን ሳይተው በቤቱም ጎረቤቶቹን ያስተምር ነበር፤ በዚህ የተነሣ በ1669 ታሰረ። ማርጋሬት ወህኒ ቤት ድረስ አብራው ገባች። በ1681 ስትሞት ሐዘኑ ሳይበርድለት የሕይወት ታሪኳን ጻፈ።

[ምስል፦ የለንደን ችሎት]

በ1685 በአዲስ ኪዳን ማብራሪያው ጳጳሳትን ዘልፏል ተብሎ በዳኛ ጄፍሪስ ፊት ቀረበ። ዳኛው ጠበቆቹን እያቋረጠ ሽማግሌውን ሰደበው፤ ጋሪ የሚሞላ መጽሐፍ ጽፈሃል ብሎም ወቀሰው። የተፈረደበትን የ500 ማርክ (የጥንት የእንግሊዝ የገንዘብ መለኪያ) መቀጮ ባለመክፈሉ፣ 70 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ወራት ሲቀሩት ወህኒ ወረደ፤ የተፈታውም በ1686 መጨረሻ ነው።

የ1689ኙ ሕግ እንደ እሱ ላሉ ሰባኪዎች በይፋ የማምለክ ፈቃድ ሰጠ። ባክስተር ለንደን ውስጥ ያለ ደመወዝ ሲሰብክ ቆይቶ፣ ጉልበቱ ሲከዳው ጠዋትና ማታ የቤቱን በር ከፍቶ የመጣውን ሁሉ ከቤተሰቡ ጋር ያስጸልይ ነበር። ታኅሣሥ 8 ቀን 1691 ዐረፈ።