ምስጢሩንም ሽልማቱንም

እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ ማይክራፎኑን የከፈትኩት አንድ ዓመት ያህል ስሸሸው የቆየሁትን ነገር ለመናገር ነው። የምቀዳው ጎንደር፣ ቤቴ ቁጭ ብዬ ነው፤ የባጃጅ ድምፅ ከገባባችሁ ይቅርታ።

አምና ከጥምቀት ማግስት መሥሪያ ቤታችን ውስጥ የክብደት መቀነስ ውድድር ተጀመረ። 14 ሰው ተመዘገበ። እያንዳንዳችን 500 ብር አዋጣን፣ 7,000 ብር ሆነ። እስከ ፋሲካ ባሉት 12 ሳምንታት ከራሱ ክብደት በመቶኛ ብዙ የቀነሰ ሰው ብሩን ይወስዳል። ሰኞ ሰኞ ጠዋት ከመዝገብ ቤቱ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ጫማችንን እያወለቅን ሚዛን ላይ እንወጣለን፤ አንዷ ባልደረባችን በደብተር ትመዘግባለች። ደስ የሚል ነገር ነበር። ከሻይ ሰዓት ብስኩት ጠፋ፤ ታክሲ ይዞ ይመጣ የነበረው በእግሩ መምጣት ጀመረ።

የመጀመሪያው ሰኞ እኔ 101 ኪሎ ነበርኩ። ደብተሩ ላይ ያልተጻፈው፣ ከሦስት ወር በፊት 118 እንደነበርኩ ነው። ጥቅምት ላይ የዓመት ፈቃዴን ወስጄ፣ አዲስ አበባ ሄጄ፣ የጨጓራ ኦፕራሲዮን ተደርጎልኛል። ስሊቭ የሚሉት ነው። ከጨጓራ ሦስት አራተኛ ያህሉ ተቆርጦ ይወጣና የሚቀረው ልክ እንደ ሙዝ ቀጭን ይሆናል። ከሚወጣው ጋር ደግሞ ግሬሊን የተባለውን፣ ራበኝ ራበኝ የሚያሰኘውን ሆርሞን በብዛት የሚያመነጨው ክፍል አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ሰው ቶሎ መጥገቡ ብቻ አይደለም፤ ረሃቡ ራሱ ይቀንስለታል። ክብደቱ በፍጥነት የሚወርደውም በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው። ይህን ሁሉ ሐኪሙ ወረቀት ላይ እየሣለ አስረድቶኛል። እያወቅሁ ነው የተመዘገብኩት።

ከፈቃድ ስመለስ ሰው ደንግጦ ነበር። «ምነው ከሳሽ? ምን ነካሽ?» ሲሉኝ «ጨጓራዬን አሞኝ ነው» እላለሁ። ውሸት አይደለም ብዬ ራሴን አሳምኜ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ኦፕራሲዮን ያደረገ ሰው ቀላሉን መንገድ መረጠ ሲባል ስሰማ ያመኛል። ቁመቴ 1 ሜትር ከ62 ነው፤ ቢኤምአይዬ፣ ማለትም ክብደትን ከቁመት ጋር የሚያመዛዝነው ቁጥር፣ 45 ደርሶ ነበር። ከፋሲል ግንብ በር እስከ ፒያሳ ለመሄድ ሁለት ጊዜ ቆሜ ነበር የምተነፍሰው። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ሁለት ሳምንት ፈሳሽ ብቻ ነው፤ አጥሚት እንኳ በወንፊት አጥልዬ። በአራተኛው ወር ጸጉሬ ሹሩባ በፈታሁ ቁጥር በጭብጥ ይወጣ ነበር። ቢ12፣ ብረት፣ ካልሲየም፣ ቫይታሚን ዲ፣ እነዚህ እስከ ዕድሜ ልክ አብረውኝ ናቸው። ምግብና ውሃ አብረው አይሄዱልኝም፤ በልቼ ግማሽ ሰዓት ጠብቄ ነው የምጠጣው።

ጉርሻውስ? አንድ ክርስትና ቤት አንዲት እናት እንጀራውን በወጥ አርሰው፣ ጠቅልለው፣ «በሞቴ! ይቺን ብቻ!» አሉኝ። እምቢ አይባልም። ጎረስኩ። ደረቴ ላይ ቆመ። ከድንኳኑ ጀርባ ሄጄ፣ አንድ እጄን ግድግዳው ላይ ደግፌ፣ እስኪወጣ ድረስ ቆየሁ። ተመልሼ «እጅዎ ይባረክ» አልኩ። እና ቀላል አልነበረም። ከባድ ነበር፤ ግን ሚዛኑ የሚለካው ክብደትን እንጂ ድካምን አልነበረም።

ስምንተኛው ሳምንት ላይ 92 ገባሁ፤ ዘጠኝ በመቶ ገደማ ነው። ሁለተኛ የነበሩት አንድ ትልቅ ሰው ናቸው፤ ቢሮ ውስጥ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ስኳር አለባቸው። ሐኪማቸው «ትንሽ እንኳ ቀንስ» ብሏቸው ነው የገቡት። በየማለዳው 12 ሰዓት ወደ ጎሃ የሚያወጣውን ዳገት ይወጣሉ። ከ96 ኪሎ ወደ 92 ወርደዋል። አራት ኪሎ በሳቸው ዕድሜ ላለ የስኳር በሽተኛ ቀልድ አይደለም፤ ከክብደት አምስት በመቶ ያህል መቀነስ ራሱ የደም ስኳርን ያሻሽላል። እሳቸው ግን የሚያዩት ደብተሩን ነበር። የኔ ስም ከላይ፣ የሳቸው ከታች።

አንድ ቀን ሻይ ላይ አጠገቤ መጥተው ቁጭ አሉ። «እስቲ ንገሪኝ፣ ምን እያደረግሽ ነው? እኔም ላድርገው» አሉኝ።

እኔም፦ «እንጀራውን ግማሽ አድርጌ ነው ጋሼ። ስኳርም ትቻለሁ» አልኩ።

ያኔ ዐቢይ ጾም ነበር። የኔ የንስሐ አባት ሁኔታዬን ስነግራቸው ጠዋት በልቼ መድኃኒቴን እንድወስድ ፈቅደውልኛል፤ ይህንንም ማንም አያውቅም። ጋሼ ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማሉ። ከኔ ከሰሙ በኋላ ማታም ግማሽ እንጀራ ብቻ ሆነ። የስኳር ኪኒናቸው ግሊበንክላማይድ ነበር፤ የለመዱት ስለሆነ ጠዋት ጠዋት መውሰዳቸውን አልተዉም። ይህ ኪኒን ሰው በላም አልበላም ቆሽትን ኢንሱሊን አውጪ ይላታል፤ ኢንሱሊን የደም ስኳርን የሚያወርደው ሆርሞን ነው። በባዶ ሆድ ሲወሰድ፣ በዚያ ላይ ዳገት ሲጨመርበት፣ ስኳር ከልክ በታች ይወርዳል።

አንድ ረቡዕ አምስት ሰዓት ላይ ደብዳቤ ማኅተም ላስመታ ጋሼ ዘንድ ሄድኩ። ማኅተሙን አንስተው ወረቀቱ ላይ አሳረፉት፤ ጠርዙ ላይ ሆነ። እንደገና መቱ፤ ከወረቀቱ ወጥቶ ጠረጴዛው ላይ አረፈ። ቀና ብዬ ሳይ ግንባራቸው በላብ ተጠምቋል፤ የሸሚዛቸው አንገት ርሷል። እጃቸው ይንቀጠቀጣል። «ጋሼ» ስላቸው ዓይናቸው እያየኝ አላወቁኝም።

ሻይ የምታፈላው ልጅ ሮጣ መጣች። አራት ማንኪያ ስኳር በጥብጠን፣ እየዋጡ ስለነበር፣ ቀስ እያልን አጠጣናቸው። ቀለል ሲላቸው ዳቦ በሉና ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድናቸው፤ ያ ኪኒን ከሰውነት ቶሎ ስለማይወጣ ስኳሩ ተመልሶ ሊወርድ ይችላል። በኋላ ሐኪማቸው መድኃኒቱን አስተካከለላቸው። የስኳር መድኃኒት የምትወስዱ፣ ምግብ ከመቀነሳችሁም ከመጾማችሁም በፊት ሐኪማችሁን አነጋግሩ፤ እባካችሁ።

በማግስቱ ማራኪ አካባቢ ያለው ቤታቸው ሄድኩ። ባለቤታቸው ቡና ሊያፈሉ ሲወጡ ነገርኳቸው። ኦፕራሲዮኑን፣ 118ቱን፣ ሁሉንም። ይቆጡኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለው ቆዩና «እንግዲያው እኔ ሰነፍ ሆኜ አይደለማ?» አሉ።

ይቅር ይበሉኝ ከማለት በቀር ቃል አልነበረኝም።

ሰኞ ደብተሩን ለምትይዘው ባልደረባዬ ስሜን እንድትሰርዝ ነገርኳት። አንዲት የቅርብ ጓደኛዬ ተቆጣችኝ። «ሕጉ ላይ የት ተጻፈ? ሆድሽን የተቀደድሽው አንቺ፣ ገንዘብሽን ያፈሰስሽው አንቺ። ደግሞ የትኛው ውድድር እኩል ነው? ወንድ ከሴት ይልቅ ቶሎ ይቀንሳል፤ ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው እንዲያውም ሊጨምር ይችላል» አለች። እውነቷን ነው፤ ሰው ሁሉ የየራሱን ሰውነት ይዞ ነው የሚመጣው፤ ሚዛኑም ይህን አይጠይቅም።

ልዩነቱ ግን ይኼ ነው፦ ሌሎቹ ምን እንደሚገጥማቸው ሳያውቁ ገቡ፤ እኔ መጨረሻውን አውቄ ገባሁ። በነዚያ ወራት ምንም ባላደርግ እንኳ ክብደቴ መውረዱ አይቀርም ነበር። በዚያ ላይ የነሱን 500 ብር ልወስድ ነበር። ከብሩ የባሰው ደግሞ ለአሥራ ሦስት ሰው የተሳሳተ መስፈሪያ መሆኔ ነው። ሰው የኔን ቁጥር እያየ ራሱን ሲንቅ፣ ግማሽ እንጀራውን እንደገና ለሁለት ሲከፍል፣ እያየሁ ዝም አልኩ።

ኦፕራሲዮኔን ለማንም የመናገር ግዴታ የለብኝም፤ ዛሬም ይህንን አጥብቄ ነው የምይዘው። አካሌ የኔ ነው፤ አለቃም ባልደረባም የሕክምና ወረቀቴን ሊያይ አይገባም። ምስጢሬን መያዝ መብቴ ነው። ምስጢሬን ይዤ ለሰው ብር መወዳደር ግን መብቴ አልነበረም። ተናግሬ፣ ሁሉም አውቆ ግቢ ካሉኝ ነገሩ ሌላ ነው። ዓመት ሁለት ዓመት ሲያልፍም እንዲሁ፤ ያን ጊዜ መውረዱ ይቆማል፣ ክብደት ቀስ እያለ ሊመለስም ይችላል፣ ትግሉም ከሌላው ሰው ትግል ብዙ አይለይም።

ስሜ ይሰረዝ እንጂ ሚዛን ላይ መውጣቱን አልተውኩም፤ ፋሲካ ላይ 88 ነበርኩ። ብሩን ጋሼ ወሰዱ። ለተማሪ የልጅ ልጃቸው ጫማ ገዙለት።

ዘንድሮም ውድድሩ ተጀምሯል። ወረቀቱ ሲዘጋጅ አንድ ነገር እንዲጨመር ለመንኩ፤ ተቀበሉኝ። የምዝገባው ሠንጠረዥ አሁን ሁለት ዓምድ አለው፦ «በሽልማት» እና «ያለ ሽልማት»። በሁለተኛው የሚመዘገብ ሰው ብር አያዋጣም፤ እንደማንም ሰኞ ሰኞ ይመዘናል፤ ቁጥሩ ለብቻው ይጻፋል፤ ምክንያቱን ግን አይጠየቅም። ኦፕራሲዮን ይሁን፣ የማቅጠኛ መርፌ ይሁን፣ ሕመም ይሁን፣ ዝም ብሎ ፍላጎቱ ይሁን።

ትናንት ሄጄ አየሁት። «ያለ ሽልማት» በሚለው ሥር ሦስት ስም አለ። አንዱ የኔ ነው። የሁለቱን ምክንያት አላውቅም፤ አልጠየቅኋቸውምም።