ባዶ እጃችንን ስንመጣም ተቀበሉን

የተከበሩ የእድራችን ዳኛ፣ የኮሚቴ አባላት፣ እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፤ እንደምን አረፈዳችሁ? እሑድ ጠዋት እረፍታችሁን ትታችሁ ለጉባኤው ስለመጣችሁ፣ ከሒሳብ ሪፖርቱ በፊት ለእኔ ጊዜ ስለሰጣችሁኝ እግዚአብሔር ያክብርልኝ።

አብዛኞቻችሁ ታውቁኛላችሁ። እናቴ የዚህ እድር አባል ናት። እኔ ጅዳ በቤት ሠራተኝነት ነው የምሠራው፤ አሁን በፈቃድ መጥቼ ነው፣ በቅርቡ እመለሳለሁ። ከእናንተም መሃል ልጁ ሪያድ፣ ኩዌት፣ ዱባይ ወይም ቤይሩት ያለችበት ሰው ብዙ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሰላምታ ተልኬ የመጣሁላችሁም አላችሁ። የምናገረው ስለ እነሱ ነው። ልጆቻችሁ መጥተው ሊያዩአችሁ ለምን ይዘገያሉ? ይህን ዛሬ በግልጽ እንድንነጋገርበት እፈልጋለሁ፤ ከሚያዘገያቸው ነገር ገሚሱ በእኛው እጅ ነውና።

መጀመሪያ በእኛ እጅ ያልሆነውን ላንሳ። የቤት ሠራተኛ በፈለገችው ቀን ተነስታ አትመጣም። ውሉ ብዙውን ጊዜ የሁለት ዓመት ነው። ሳዑዲ ከሆነች፣ ወጥታ የምትመለስበትን ቪዛ የሚያስወጣላት አሠሪዋ ነው፤ ያለዚያ ከወጣች ኢቃማዋም፣ የመኖሪያ ፈቃዷ ማለቴ ነው፣ ሥራዋም እዚያው ቀረ። የሳዑዲ የቤት ሠራተኞች ደንብ ሁለት ዓመት ሠርታ ውሉን ለምታድስ ሠራተኛ ደመወዝ የሚከፈልበት የአንድ ወር ፈቃድ ይሰጣል። የእኛም አገር የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ የደርሶ መልስ ትራንስፖርቱን አሠሪው ይሸፍን ይላል። ወረቀቱ ላይ ያለው ይህ ነው። በተግባር ግን መዳሟ፣ አሠሪዋ ሴትዮ፣ "ረመዳን ይለፍ"፣ "ልጆቹ ትምህርት ይጨርሱ" እያለች የምታቆያት አለች። ኢቃማዋ ጊዜው ያለፈባት፣ ያለ ወረቀት የምትኖርም አለች፤ እሷ አንዴ ከመጣች ተመልሳ አትገባም። የእነዚህን ችግር እድር አይፈታውም። የመንግሥትና የኤምባሲ ሥራ ነው፤ ሊሠሩትም ይገባል።

እኔን የሚያንገበግበኝ የሌላዋ ልጅ ነገር ነው። ፈቃድ ማግኘት ትችላለች፣ ቲኬቷም ይቆረጥላታል፤ እሷ ግን "የዘንድሮው ይለፈኝ፣ ለከርሞ እሄዳለሁ" ትላለች። ለምን ስትባል መልሷ አጭር ነው፦ "ምን ይዤ?"

ዝግጅቱ የሚጀምረው ፈቃድ ከመጠየቁ በፊት ነው። አልጋ ሥር ሻንጣ ይገባል። ደብተር ላይ ስም ይጻፋል፦ ለእናት ብርድ ልብስ፣ ለአባት ጃኬት፣ ለወንድም ስልክ፣ ለአክስት ሽቶ፣ ለአክስት ልጆች ጫማ፣ ለክርስትና እናት፣ ላሳደገቻት ጎረቤት፣ ስትሄድ ወረቀቷን ላስጨረሰላት ሰው። እቁብ የምትጥለው ለዚህ ነው፤ እቁቡ ካልወጣላት ትበደራለች። አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ደግሞ ሚዛን አለ። የሚፈቀደው ብዙውን ጊዜ ሁለት ሻንጣ ነው፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ። ልጆቹ ወለሉ ላይ ተቀምጠው፣ ሻንጣ ከፍተው ዕቃ ያሸጋሽጋሉ፤ በዚያ ሙቀት ጃኬት በጃኬት ላይ ይደርባሉ። አንዷ የራሷን ልብሶች አውጥታ ወንበር ላይ ትታ፣ በቦታቸው የአጎቷን ጫማ ስትከት አይቻለሁ። ጫማው ከነካርቶኑ አልገባ ሲላት ካርቶኑን ጣለችውና አንዱን እግር በአንደኛው ሻንጣ፣ ሌላውን በሌላኛው ወሸቀችው። ከዓመታት በኋላ እናቷን ልታይ የምትሄድ ልጅ ናት፤ ፊቷ ግን ፈተና ልትቀመጥ የምትገባ ተማሪ ነበር የሚመስለው።

ደመወዛችንን ታውቁታላችሁ፤ ብዙዎቻችን በወር 1,000 ሪያል አካባቢ ነው የምናገኘው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ ሪያሉም አብሮት ወጣ። ያኔ ብዙ ቤተሰብ "ልጄ አለፈላት" አለ። ልጅቱ የምትቀበለው ግን ያንኑ ሪያል ነው። እዚህ ደግሞ ዘይቱም፣ የቤት ኪራዩም፣ የትምህርት ቤት ክፍያውም ወጣ። የምትልከው ጨመረ፤ ለራሷ የምታስቀምጠው አልጨመረም። ስለዚህ ሻንጣው እስኪሞላ ሌላ ዓመት ትቆያለች። በዚያ ዓመት ውስጥ አባት ይታመማል፣ እናት ዓይኗ ይደክማል።

ስጦታ መጥፎ ነው አልልም። ሰው ቤት ባዶ እጅ አይኬድም ተብለን ነው ያደግነው። የታመመ ልንጠይቅ ብርቱካን፣ አራስ ልንጠይቅ የገንፎ እህል ይዘን እንሄዳለን። ያ ግን ሁሉም እንደ አቅሙ የሚያደርገው ነው፤ ዛሬ ለእኔ ከሆነ ነገ ለእናንተ ነው። ከዓረብ አገር ከምትመጣ ልጅ የሚጠበቀው ሁልጊዜ ከእሷ ወገን ብቻ ነው፤ ያልደረሰውም ሰው ይቀየማል። ቅያሜውን ፈርታ የምትቀር ልጅ አለች። እናት ደግሞ ከሁሉም ስጦታ ይልቅ የምትፈልገው ልጇን እንደሆነ እኔ ለእናንተ አልነግራችሁም።

ሌላም አለ፣ የበለጠ የሚያመኝ። ከውጭ የመጣ ሰው ቤት ለአንድ ሳምንት ሰው አይጠፋበትም። ቡናው ይፈላል፣ ሶፋው ይሞላል። የሚጎድሉት የድሮ ጓደኞች ናቸው። ከሁሉም በላይ የምትወጂያት ጓደኛሽ "ለዕቃ መጣች እንዳትይኝ" ብላ ትቀራለች። ስትደውዪላት "ሰው ይቀንስልሽና እመጣለሁ" ትላለች። ሰው ሲቀንስ ፈቃዱም አልቋል።

እኔ ያደግሁት ካዛንቺስ ነው፤ ከጓደኞቼ ጋር በአንድ ግቢ፣ ከአንድ ቧንቧ እየቀዳን። ኮንዶሚኒየም የደረሰው ቀድሞ ወጣ፤ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ሰፈሩ ለልማት ሲነሳ ከቀሩት ብዙዎቹ ገላን ጉራ ገቡ። እናቴ እዚህ ቱሉ ዲምቱ ናት፣ አንዷ ጓደኛዬ ጀሞ፣ ሌላዋ የካ አባዶ። ሁላችንም ከተማው ዳር ላይ ነን፤ ዳሩ ግን ለየቅል ነው። ከዚህ ተነስቶ የካ አባዶ ለመድረስ በታክሲ ቃሊቲ፣ ከቃሊቲ በባቡር ስታዲየም፣ እዚያ ባቡር ቀይሮ አያት፣ ከአያት እንደገና ታክሲ ነው። ሠልፉ ሲጨመርበት ግማሽ ቀን ይሄዳል። ድሮ ነጠላ ጫማ አድርገን የምንገባበት ቤት ነበር።

ዘንድሮ የካ አባዶ ያለችው ካልመጣች እኔ እሄዳለሁ ብዬ ሄድኩ። ጓደኛዬ እንጀራ ጋግራ ለሱቆች ነው የምታስረክበው። የደረስኩት መብራት በጠፋበት ሰዓት ነበር፤ ምጣዱ ቀዝቅዟል፣ ሊጡ ገንፍሎ ባልዲው አፍ ደርሷል፣ እሷ ቁጭ ብላ ምስር ትለቅማለች። አቅፋኝ አለቀሰች። ከዚያ ዓይኗን ጠራርጋ ሌላ ሰፌድ አመጣችና ምስሩን ለሁለት ከፍላ "ቁጭ በይ፣ እየለቀምሽ አውሪኝ" አለችኝ። መብራት እስኪመጣ ለቀምን። ስለሞተችባት እህቷ፣ ስለ ልጇ የ12ኛ ክፍል ፈተና አወራችኝ። እኔም ለእናቴ ያልነገርኳትን፣ በመጀመሪያ በሠራሁበት ቤት የደረሰብኝን፣ ለእሷ ነገርኳት። መብራት ሲመጣ ተነስታ ምጣዱን በጎመን ዘር አሰሰችና የመጀመሪያውን እንጀራ ከነትኩሳቱ በርበሬ ቀብታ አጎረሰችኝ። እኔ ይዤላት የገባሁት ከአያት ታክሲ መያዣ የገዛሁትን ሙዝ ነበር። ምን አመጣሽልኝ የሚል ነገር ከአፏ አልወጣም። ጅዳ ወጥ ቤት ውስጥ ቆሜ ስናፍቀው የኖርኩት ይህንን ነው፤ ሰው ቤት ገብቼ እንግዳ አለመሆንን።

ባዶ እጁን የመጣን ሰው መቀበል የማናውቅ ሰዎች ደግሞ አይደለንም። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ወረቀት የሌላቸውን ስታስወጣ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተመለሱ። ብዙዎቹ ቦሌ ሲወርዱ በእጃቸው ፌስታል ብቻ ነበር። ያኔ "እንኳን በሕይወት መጣሽ" ነበር የሚባለው፤ ሻንጣሽ የት አለ ያለ የለም። እንዲህ ያለ ደግነታችን ክፉ ቀን ብቻ ለምን ይጠብቃል? በሰላም የመጣችውስ ልጅ እንኳን በሕይወት መጣሽ ብትባል ምን አለበት?

አሁን ወደ ከባዱ ልግባ። ውጭ ላለ ልጅ ሞት አይነገርም፤ ሕመምም ይደበቃል። "ብቻዋን ናት፣ ማን አላት" ብላችሁ አዝናችሁላት እንደሆነ አውቃለሁ። በወጋችን መርዶ የሚነገረው ዘመድ ወዳጅ ተሰብስቦ፣ ማለዳ በር ሲንኳኳ ነው፤ ስታለቅስ የሚይዛት ሰው እንዲኖር። መልካም ወግ ነው፣ እወደዋለሁ። በሰው ቤት የምትሠራን ልጅ በር ግን ማን ሄዶ ያንኳኳል? አሠሪዋ አያስገባም። ስለዚህ ለወራት ዝም ይባላል። ስትደውል "እናትሽ ጠበል ሄዳለች"፣ "ተኝታለች" ትባላለች። አንድ ሌሊት ሥራ ጨርሳ፣ አልጋዋ ላይ ሆና ፌስቡክ ስትከፍት፣ ከእናቷ ፎቶ ሥር አንድ የሩቅ ሰው "ነፍስ ይማር" ብሎ ጽፎ ታገኛለች። እንዲህ የደረሰባት ልጅ አውቃለሁ። የአሠሪዋ ሕፃናት አጠገቧ ተኝተው ስለነበር ጮክ ብላ ማልቀስ አልቻለችም። ጎህ ሲቀድ ተነስታ ቁርስ ሠራች።

እናቷ ከመሞቷ በፊት ለወራት ታማ ነበር። የዚያን ጊዜ "ታማለች፣ ነይ" ብትባል ብርድ ልብስ ልትሸምት አትቆይም ነበር። በለበሰችው ልብስ ትመጣ ነበር፣ እናቷንም ታስታምማት ነበር። እህቶቼ፣ ወንድሞቼ፤ እኛን ከሐዘን ለማዳን ብላችሁ የደበቃችሁት ነገር ያስቀረብን ሐዘኑን ሳይሆን መሰነባበቱን ነው።

ይህን ንግግር የእህቴ ልጅ በስልክ እየቀረጸችው ነው፤ ማታ ጅዳና ሪያድ ይደርሳል። ለእናንተ እዚያ ላላችሁት ጥቂት ነገር ልበል። ውል ስታድሱ ስለ ፈቃዱ የምትነጋገሩት ከመፈረማችሁ በፊት ይሁን፤ ከፈረማችሁ በኋላ ጉልበት የላችሁም። ፓስፖርታችሁ ጊዜው ሊያልፍ ከሆነ ቆንስላ ጽሕፈት ቤት ቀድማችሁ አሳድሱ። የመመለሻ ቪዛው መውጣቱን ብቻ ሳይሆን እስከ መቼ እንደሚያገለግል አይታችሁ ተሳፈሩ፤ ቀኑ አልፎባቸው እዚህ የቀሩ አሉ። አገር ቤት ስትገቡ ደግሞ የመጀመሪያውን ሳምንት ሶፋ ላይ አትጨርሱት። ሽማግሌዎቹን፣ የታመሙትን፣ ያፈሩና የቀሩ ጓደኞቻችሁን እናንተው ሄዳችሁ ጠይቋቸው።

ለጉባኤው የማቀርበው ሐሳብ ይኸውላችሁ። እድራችን የአባል ቤተሰብ የሚመዘገብበት ቅጽ አለው። እስካሁን የሚያገለግለን ማን ሲሞት ስንት ይከፈላል ለሚለው ነው። በዚያ ቅጽ ላይ ውጭ አገር ያለ ልጅ ስልክ ይጨመርበት። አባል በጠና ሲታመም፣ ቤተሰቡ ከፈቀደ፣ ጸሐፊያችን ወይም ልጅቱ የምታከብረው ሰው ደውሎ እውነቱን ይንገራት። ሞት ከሆነም መጀመሪያ እዚያው ከተማ ላለች ሌላ የሰፈር ልጅ ይነገር፤ የእረፍት ቀኗን ጠብቃ አብራት ትሁን። ጅዳ ያለን የዚህ ሰፈር ልጆች በኢሞ እንገናኛለን። ይህን ኃላፊነት እኛ እንወስዳለን።

ለሻንጣው ደንብ ሊወጣለት አይችልም፤ እናንተ እናቶች ካላችሁ ግን ይሆናል። ልጅ መጣች ሲባል ድፎ ዳቦ ይዘን፣ ቡናውን እኛው ቆልተን እንሂድላት። ካመጣች ለእናት ለአባቷ ታምጣ፤ ሌላው አይጠብቅ፣ አይጠይቅም። ልጃችሁ ዛሬ ማታ ስትደውልም "ባዶ እጅሽን ነይ" በሏት። እኔ ብነግራት አታምነኝም፤ የእናቷን ቃል ግን ታምናለች።

የቅጹን ማሻሻያ ጽፌ ለጸሐፊያችን ሰጥቻለሁ። ስልክ ማስመዝገብ የምትፈልጉ፣ ከጉባኤው በኋላ በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ እናቴና እኔ እንጠብቃችኋለን። ክቡር ዳኛ፣ ሐሳቡ ለውይይት ቀርቦ ድምፅ እንዲሰጥበት እጠይቃለሁ። አመሰግናለሁ።